ከፎጣው ስር የያዘኝ እጅ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ ሳታውቀው ሞተች። ስንት ጊዜ መስጊድ ገብቼ ግንባሬን መሬት ላይ ደፍቼ ወንጀሌን አንድ በአንድ ስዘረዝር ይቺን ዘልያት ተነስቻለሁ። አላህ አያውቃትም ብዬ ነው? ያውቃታል። ከአፌ ላወጣት የፈራሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ አንተ የምታነበው ስማኝ፤ ደግሞ አደራህን፣ እንዳታዝንልኝ።

ሙሜ እባላለሁ። በጃንሆይ ጊዜ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ድሬ ዳዋ ውስጥ የቡና ደላላ ነበርኩ። ጌታዬ ሐጂ ዩስፍ መጋላ፣ ገበያው መሀል ትልቅ የቡና መጋዘን ነበራቸው። እኛ ድሬዎች አንቱታ ላይ ሰነፎች ነን፤ ሐጂን ግን ከቤተ ዘመድ በቀር አንተ ያላቸው ሰው አልገጠመኝም። እጄ ከእሳቸው እጅ ጋር ያረጀ እጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ጊዜ በእኛ ገበያ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ በላዩ ፎጣ ይጣላል፣ ከስር ጣት ይጨበጣል። አንድ ጣት ከተያዘ አንድ፣ ሁለት ከተያዘ ሁለት ነው። ዙሪያውን የከበበው ሰው ምንም አያይም። ፎጣ የሚገልጥ ሰው ባለጌ ነው። ደላላው «በዚህ አልቋል» ካለ አለቀ፤ ማንም አሳየን አይልም።

ሐጂ ሁለት ልጆች ነበሯቸው። በኩሩ ኢድሪስ ከፈረንጆች ትምህርት ቤት የወጣ፣ ሱሪው ላይ አቧራ ሲያርፍ የሚቆጣ ነው። ታናሽ እህቱ ሪሐና ደግሞ እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ ቡና በሚለቅሙት ሴቶች መሀል ነው ያደገችው። ሐጂ በእንግዳ ፊት ስም መጥራት ካልፈለጉ ከፎጣው ስር ጣቴን ይይዙኝ ነበር። አንድ ከያዙ ነገሩን ለኢድሪስ ስጠው ማለታቸው ነው፤ ሁለት ከያዙ ለሪሐና። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

ወንድምና እህት ይጣላሉ ማለት ውሸት ይሆንብኛል። ግን መጋዘኑ አንድ፣ ቁልፉም አንድ ነው። ኢድሪስ ገበያውን ትቶ ፈረንጆቹ ሰፈር ከዚራ ላይ ቢሮ ከፍቶ የውጭ ኩባንያ ወኪል መሆን ያምረዋል። ሪሐና ደግሞ «መጋዘኑ ይቆይ፣ ቡናውን ራሳችን ከገበሬው እንግዛ» ትላለች። አንድ ቀን እኔ በሩ ላይ ቆሜ አባቷን «ደላላ ምን ያደርግልናል?» ስትላቸው ሰማኋት። ክፋት አልነበረባትም። እኔ ግን ያቺን ቃል ዋጥኳት፤ ቂም ያዝኩ። ኢድሪስ በበኩሉ ባገኘኝ ቁጥር «ቁልፉ እጄ ይግባ እንጂ አቦ ሙሜ፣ አንተንማ ቢሮዬ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ስር ነው የማስቀምጥህ» እያለ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ሐጂ ሶላት ላይ እንዳሉ ዱብ አሉ። ሰውነታቸው አልታዘዝ አለ፤ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ራሳቸውን እንኳ መነቅነቅ አቃታቸው። ጆሮአቸው ግን ይሰማል። ቀኝ እጃቸው ደከም ብላም ቢሆን ትጨብጣለች።

ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። የሐጂ ወንድም «ሙሜን ጥሩት፤ የሐጂን እጅ የሚያውቅ እሱ ነው» አለ። ሄድኩ። አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ፣ እጃቸውን ያዝኩ፣ ፎጣዬን ከትከሻዬ አውርጄ እጃችን ላይ ጣልኩት። ለምን ጣልኩት? ገበያ ነበር እንዴ? ልማድ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። እውነት ልማድ ነው? ወይስ ያኔውኑ አስቤበታለሁ? ማንም ምን ነካህ አላለኝም፤ ሁሉም የገበያ ልጆች ናቸው፣ እጅ ሲያያዝ ፎጣ ይጣላል። ያ ፎጣ ባይኖር ቤቱ የሞላው ሰው ሁሉ ያይ ነበር።

«ሐጂ፣ መጋዘኑን ማን ይያዝ?» አልኩ።

ሁለት ጣቴን ያዙ።

እኔ ቀና ብዬ «አንድ ነው። ኢድሪስ» አልኩ።

ሐጂ ሰሙኝ። ሁለቱን ጣቶቼን ለቀው እንደገና ያዟቸው። እንደገና ለቀቁ፣ እንደገና ያዙ። አቅም ቢኖራቸው በሰበሩልኝ! ዓይናቸው እኔ ላይ ተተክሎ እንባቸው በጎን ወደ ጆሮአቸው ወረደ። ወንድማቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ስለተካው ደስ ብሎት ነው» አለ። እኔ እጄን ጎትቼ አወጣሁ። እጃቸው ፍራሹ ላይ ባዶውን ይጨብጥ ነበር።

ያን ጊዜ ተሳስቻለሁ ብል ምን እሆን ነበር? በማግስቱ ሄጄ ነበር እኮ! እናገራለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። እጄን ስዘረጋላቸው ሐጂ ጣታቸውን አጥፈው እጃቸውን ዘጉብኝ። ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ። ብዙም አልቆዩ፣ ሞቱ።

ከሰደቃው በኋላ ሪሐና የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ስሻገር ደረሰችብኝ።

«አጎቴ ሙሜ፣ አልቀየምህም፣ ወላሂ። አባቴ እጅህ ላይ ያደረገውን እጄ ላይ አድርገህ አሳየኝ» አለችና በዚያ ፀሐይ እጇን ዘረጋችልኝ።

ከቁጣዋ ይልቅ የፈራሁት ያንን የተዘረጋ እጅ ነው። ሁለት ጣቷን ብይዝ ሁሉም ነገር ያበቃ ነበር። እኔ አንድ ጣቷን ያዝኩ። የገዛ አባቷ እጅ መስሏት ጥብቅ አድርጋ መልሳ ያዘችኝ። «እሺ፣ አባቴ ካለ ይሁን» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ወንድሟን አንዲት ቃል አልተከራከረችውም።

ኢድሪስ መጋዘኑን ዘግቶ ከዚራ ላይ ቢሮውን ከፈተ። እኔ ማራገቢያ ስር ተቀመጥኩ፤ ቃሉን ጠብቆልኛል። በኋላ ኩባንያው ወኪልነቱን ሲነጥቀው ቢሮውም መጋዘኑም ተሸጠ። ሪሐና የሰው መጋዘን ውስጥ ገብታ ከለቃሚዎቹ ጋር ቡና ትለቅም ጀመር። በዚያ ሳልፍ ታየኛለች፤ ከተቀመጠችበት ተነስታ ትጨብጠኛለች። ደህንነቴን ትጠይቀኛለች። እኔን!

ባለፈው ሞተች። ቀብሯ ላይ ልጇ እንደ ወጉ ቆሞ «እናቴ የበደለቻችሁ ካላችሁ አፉ በሉላት» አለ። ሰው ሁሉ «አፉ ብለናል» አለ። እኔም አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እሷን አፉ ያልኩት እኔ ነኝ! ምን አድርጋኝ? አሁን እኔን ማን አፉ ይበለኝ? ሐጂ የሉም፣ እሷ የለችም። አንተ አፉ ብትለኝ የበደልኩት አንተን አይደለም።

ሰው ሲበተን ልጇ መጥቶ እጄን ያዘ። «እናቴ ሁልጊዜ ታነሳህ ነበር፤ የአያቴን የመጨረሻ ቃል የሰጠን እሱ ነው ትለን ነበር» አለኝ። እጁን ጨብጬ «አላህ ያጽናህ» አልኩት። ልጁ እዚሁ ከተማ ነው ያለው፤ ቤቱንም አውቀዋለሁ። ለአንተ ነገርኩህ፤ ለእሱ ግን ዛሬም አልነገርኩትም።