ለጫት የሚለቀቅ መንገድ

ድሬዳዋ፣ ንጋት

ጎህ ሲቀድ ከመጋላ ተነሣን። ለከተማችን አንድ ለእናቱ የሆነው አምቡላንስ፣ ሾፌሩ ጋሽ ተሰማ፣ አስታማሚው እኔ። አልጋው ላይ ፋጡማ ተኝታለች። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ሕፃኑ በአግድም መጥቷል። ቀዶ የሚያወጣው ሐኪም ያለው ሐረር ነው። ባሏ አብዲ ባቡር ጥገና ይሠራል፤ ዘይት የጠገበ ቱታውን ሳያወልቅ ራስጌዋ ተቀምጧል።

ጋሽ ተሰማ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ፈጢራ ይዟል። "ብላ አቦ፣ ዳገቱ በባዶ ሆድ አይወጣም" ይለኛል። የማያውቁ ሰዎች የአምቡላንስ ሥራ ትልቅ ነው ይሉኛል። የእኔ ሥራ እጅ መያዝ፣ ላብ መጥረግና መዋሸት ነው።

የደንገጎ ዳገት

ሙቀቱ ቀነሰ፤ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ቋጥኝ። የዚህን መንገድ ሕግ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ጫት የጫነ መኪና ሲወርድ የሚወጣው ይለቅለታል። ጫቱን ከድሬዳዋ ኤደን የሚያደርሰው አውሮፕላን አይጠብቅም፣ ቅጠሉም ይጠወልጋል። እኛ ደወል አለን፤ ደወላችንን የሚሰማው ፍየል ብቻ ነው።

ጠባቡ ኩርባ ላይ የጫት መኪኖች ተከታትለው ወረዱብን። ጋሽ ተሰማ ደወሉን አንቃጨለ። የፊተኛው ሾፌር፣ ጉንጩን የወጠረ ጎረምሳ፣ አንገቱን አወጣ።

"ወደ ኋላ በል አቦ!"

"ምጥ የያዛት ሴት ጭኛለሁ!" አለ ጋሽ ተሰማ።

"አላህ ያውጣት! ጫቱ ከጠወለገ ግን ወላሂ ማንም አይገዛኝም።"

ወደ ኋላ አልን። ሞተሩ ዳገቱ ላይ ፈላና ቀጥ አለ። ጫቱ በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት በአጠገባችን አለፈ። የፋጡማን ከንፈር ላረጥብበት የያዝኩትን ውሃ ራዲያተሩ ጠጣው።

"እንደርሳለን?" አለኝ አብዲ።

"ቅርብ ነው" አልኩት።

ሐሮማያ

ሞተሩ በርዶ ስንነሣ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ሐይቁ ዳር ዳክዬዎች፣ ድንች የጫኑ አህዮች። ፋጡማ ከመጋላ ጀምሮ እጄን አጥብቃ ይዛ ነበር። እዚህ ለቀቀችኝ። ለአብዲ አልነገርኩትም።

ሐረር

ሐኪሙ ግቢው ውስጥ መኪናው ላይ ወጥቶ አያት። ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀና "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ" አለ። ልሰድበው ምንም አልቀረኝም ነበር። እሱ ምን ያድርግ፣ ዳገቱን እሱ አልወጣውም።

አብዲ ሻሿን በፊቷ ላይ ሳበው። "ፀሐይ ሳትጠልቅ መጋላ ትቀበር" አለ።

መልስ

በጫት ገበያው በአወዳይ በኩል፣ የከሰዓቱ ጫት በሚጫንበት ሰዓት፣ ዳገቱን ቁልቁል ተያያዝነው። ጋሽ ተሰማ ደወሉን አልነካም። ከታች የሚወጡት መኪኖች ግን አቧራ ለብሰን ስንወርድ ገና ከሩቅ ሲያዩን ዳር እየያዙ ቆሙልን። እህል የጫነው፣ አውቶብሱ፣ ሁሉም። ጠዋት ወደ ኋላ ባልንበት ኩርባ ላይ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማውን ገደሉ አፋፍ ድረስ አስጠግቶ አሳለፈን። ረዳቱ ከላይ እጁን እያውለበለበ ጮኸ።

"አይዟችሁ አቦ! አውሮፕላኑ አልተነሣም፣ ትደርሳላችሁ!"

አብዲ ከአስከሬኑ አጠገብ ቀና አለ። "ምን አለ?"

"መንገድ ለቀቀልን" አልኩት።