ቀይ አናት ያላቸው ስፒሎች

እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። የቀረውን አክስቴ ስፌት ቤት ጨረስኩት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ስር ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። አግዳሚው ላይ ሊለኩ የመጡ ሴቶች ይደረደራሉ፤ ልኩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ ወሬው አያልቅም። ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ" የሚላት አክስቴ ከንፈሯ ላይ ስፒል ይዛ ስለምትሠራ አትናገርም፣ ትሰማለች። "ምስጢር አዋቂ ናት" ብለው ያወሩላት ነበር። ስፒሉን ማን አመሰገነው?

ቀይ አናት ያላቸው ስፒሎች ግን ለልብስ አልነበሩም፤ ለወሬ ነበሩ። አንድን ወሬ ስንት ሰው ካመጣው፣ ያን ያህል ቀይ ስፒል ትንሿ ትራስ ላይ ትሰካለች። ከዚያ ማጣራት ነው።

"አይተሽ ነው ሰምተሽ?"

"ኧረ ሰምቼ ነው እትዬ።"

"ከማን?"

ከአንድ አፍ የወጣውን ሁሉ ትነቅልና አንዷን ብቻ ትተዋለች። "ከአንድ ጉድጓድ አሥር ባልዲ ብትቀጂም ጉድጓዱ ያው አንድ ነው" ትል ነበር። አንዴ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ጥላው ሄደች ተብሎ አራት ስፒል ተሰካ። ሦስቱ ሲነቀሉ የቀረችው አንዷ፣ ሻንጣ ይዛ ስትወጣ ያየቻት ጎረቤት ሆነች። እኔ በወሬው እየተሟሟቅሁ ሳለ ሚስትየዋ ራሷ ሻንጣዋን ይዛ ገባች፤ የእናቷን ልብሶች ልታስጠብብ። እትዬ ያቺንም ነቀለቻት።

ዘመኑ ሄደ፣ አግዳሚውም ባዶ ቀረ። ሴቶቹ ወሬያቸውን ይዘው ስልክ ውስጥ ገቡ። ለእትዬም ስልክ ገዛንላት፤ የዘመድ ግሩፕ፣ የጎረቤት ግሩፕ፣ የድሮ ደንበኞች ግሩፕ አስገባናት። ስልኩ ከመኪናው በላይ ይጮህ ጀመር። "አግዳሚው ላይ ቢበዛ ስድስት ሰው ነበር" አለችኝ አንድ ቀን፣ "እዚህ ውስጥ ስንቱ ነው የሚለፈልፈው?"

ያኔ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት መርፌ ውስጥ ክር የማስገባላት እኔ ነበርኩ። ለሐሙስ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞላታል። ሰኞ ስመጣ መኪናዋን ሸፍና ተቀምጣለች።

"ሐሙስ አልሄድም።"

"ምነው?"

"የዓይን ሞራ በማር ጠብታ ይጠፋል አሉ። ኦፕራሲዮን የገቡት ታውረዋል አሉ። ፕሮፌሰር ነው የተናገረው፤ ፎቶውም አለ። የነገሩኝ አምስት ሰዎች ናቸው። አምስት ሰው ተሰብስቦ ይዋሻል?"

እትዬ ያለ ዓይኗ ምን ትሆናለች? እጇ ከመቀስ ሌላ አያውቅም። ትራሷን ከመሳቢያ አወጣሁና አምስት ቀይ ስፒል ሰክቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

"አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ" አልኳት፣ በራሴ እየኮራሁ። "ደውዪና ጠይቂያቸው።"

የስልኩን ድምፅ ለእኔም እንዲሰማ ከፍታ መደወል ጀመረች። የመጀመሪያዋ የድሮ ደንበኛ "ኧረ እኔ ምኑን አውቄ፣ ከታናሽ እህትሽ ነው" አለች። ሁለተኛዋም ከእሷ። ሦስተኛዋም፣ አራተኛዋም። አምስተኛዋ ታናሽ እህቷ ራሷ፣ ማለትም የኔ እናት ናት።

"አይተሽ ነው ሰምተሽ?"

"የት አይቼ፤ የዘመድ ግሩፕ ላይ ተለጥፎ ነው።"

"ማን ለጠፈው?"

"ያቺ ልጄ ናታ።"

ያኔ ትዝ አለኝ፤ የፕሮፌሰሩ ጢም አስቆኝ፣ ጽሑፉን ሳላነብ ነው የላክሁት። በቀን አርባ ነገር የሚልክ ሰው የትኛውን ያስታውሳል? እትዬ አራቱን ነቀለችና አንዷን ተወቻት።

"አይተሽ ነው ሰምተሽ?"

"አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አላነበብኩም እትዬ።"

"ጉድጓዱ አንቺ ነሻ" አለች፤ ሳቋ መጣ፣ የኔ ግን አልመጣም። "በይ ለሐሙስ ልብሴን ተኩሺልኝ።"

የዓይኗ ፋሻ በተፈታ ማግስት መጀመሪያ ያስመጣችው ያንን ፎቶ ነው። ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ አድርጋ አየችው።

"ይሄ ጋዎን የሐኪም አይደለም" አለች። "ቁልፉ ትከሻው ላይ ነው። የፀጉር አስተካካይ ነው፤ እንዲህ ያለ ስንቱን ሰፍቻለሁ።"

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ክሩን ራሷ እያስገባች ሰፋች። ዛሬ ቤቱ የኔ ነው። አግዳሚውን አልጣልኩትም፤ የሚቀመጥበት ግን የለም። ትራሷ ስልኬ አጠገብ ናት፣ አንዷ ቀይ ስፒልም እንደተሰካች። ንቀዪልኝ ብዬ ለምኛት ነበር።

"ትቆይ፣ ያንቺ ናት" አለችኝ።