ቀጥታ እና ሠላሳዎቹ ክኒኖች

አጎቴ ጠዋት ጠዋት ሞተር ከማስነሳቱ በፊት የእንጨት ዱላውን ይዞ መኪናውን ይዞራል። አሥራ ስምንቱን ጎማ አንድ በአንድ ይመታል። ከፊት ግራ ይጀምርና በተሳቢው ኋላ ቀኝ ይጨርሳል። በመታ ቁጥር ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል፤ የሞላ ጎማ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ የጎደለው ግን ይታፈናል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልዘለለውም። ለራሱ አካል ግን እንዲህ ያለ ዱላ ስላልነበረው፣ የደም ግፊቱ ሽቅብ መውጣቱን የሰማው ከሌላ ሰው ነው።

የሙያ ጓደኞቹ «ቀጥታ» ይሉታል። ከጫነበት እስከሚያራግፍበት ስምንት ሰዓት ቢፈጅም አይቆምም። ሌሎቹ ወርደው ሻይ ሲጠጡ ጥሩምባውን ነፍቶላቸው ያልፋል። ሽንቱ ቢመጣም ይዞ ይሄዳል፤ ይህንንም እንደ ሜዳሊያ ያወራዋል።

ዘንድሮ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ የጤና ምርመራ ሄደ። ዓይኑም ጆሮውም ደህና ነበር። ነርሷ ክንዱን ጠቅልላ ግፊቱን ስትለካ ግን አንዴ አልበቃትም። አሳረፈችውና ደግማ ለካች። ላይኛው 168፣ ታችኛው 102። ከ140 በ90 በታች ካልወረደ እንደማትፈርምለት ነገረችው። የያዘው ፈቃድ የሚያበቃው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ሠላሳ ክኒን ሰጠችው፤ በየጠዋቱ አንድ። ጨው እንዲቀንስ፣ ሲጋራውን እንዲተው፣ ክኒኑ ውኃ ስለሚያስወጣ ቶሎ ቶሎ ሽንት ቢለው እንዳይደነግጥ መከረችው።

ቤት ገብቶ ማሽኑ ተበላሽቷል አለን። ሚስቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ «መኪናህ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ አምፖሉን ትነቅላለህ?» አለችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ሌላ ሆነ። የጨው ጣሳው ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። አጎቴ የመጀመሪያውን ምሳ ቀምሶ ወረቀት እየበላሁ ነው ሲል፣ እትዬ «ነርሷ የፈረመችበትን ወረቀት እስክታመጣ ወረቀት ትበላለህ» ብላ ደገመችለት። ማታ ማታ ግቢውን ስምንት ጊዜ አስዞረችው። ግፊት የመለካቱ ሥራ ለእኔ ደረሰ። መለኪያ ተገዛ፤ ቁጥሩን በእርሳስ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ እጽፋለሁ፤ መንገድ የወጣበትን ቀን ባዶ እተወዋለሁ። ቤት በዋለ ቀን 150፣ ከዚያ 146፣ ከዚያ 141። ሦስታችንም በሩ ጋ ቆመን እንደ ኳስ ውጤት እናየዋለን።

መንገድ ወጥቶ ሲመለስ ግን 164። አርፎ እንደገና ይወርዳል፤ ወጥቶ ሲመለስ 166። እትዬ በመንገድ ጨዋማ ነገር ይበላል ብላ ኪሱን ፈተሸች፤ ከመሐረብ በቀር ምንም የለም። ቀጥላ እኔን ተጠራጠረች፤ አጠቃለልሽ ላልቶ ይሆናል አለችኝ። በራሷ ክንድ ላይ ለካሁት፤ 118። ደስ ብሏት ያን ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል አጎቴን ረሳችው።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጋቢናውን ልጠርግ ወጣሁ። ከመሪው አጠገብ ካለው ኪስ ውስጥ፣ ከሰነዶቹ ሥር፣ የክኒኑ እሽግ ተቀምጧል። አሥራ አራት ክኒን መቅረት ነበረበት። ሃያ አንድ ነው። ሮጬ ከበሩ ጀርባ ካለው ጽሑፌ ጋር አመሳከርኩት። ያልተዋጡት ሰባት ክኒኖች ከሰባቱ የመንገድ ቀናት ጋር ልክ ገጠሙ።

ያኔ ገባኝ። ክኒኑ ሽንት ያመጣል፤ ቀጥታ ደግሞ አይቆምም። ስለዚህ ቤት ሲውል ይውጠዋል፤ ሲነዳ ይተወዋል።

ነገሩን ማግኘቱ አንድ ነው፤ መናገሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። አጎትን ስለ ሽንቱ እንዴት ያናግሩታል? ሁለት ጊዜ «ጋሼ» ብዬ ጠርቼው ሁለቱንም ጊዜ ውኃ ላምጣልህ ወይ ብዬ ጨረስኩት። ሁለተኛውን ብርጭቆ በግርምት እያየ ጠጣው። በመጨረሻ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ ከፀሐይ መከላከያው ሥር ሸጎጥኩለት።

«ጋሼ፣ ክኒኑን በመንገድ ቀን ለምን እንደምትተወው ገብቶኛል። ሦስት ቦታ ብትቆም ይበቃል፦ ነዳጅ ማደያው፣ ሚዛን ጣቢያው፣ ከድልድዩ አለፍ ብሎ ያለው ጎሚስታ። ለእትዬ አልነገርኩም።»

ቦታዎቹን አንዳቸውንም አላውቃቸውም። እንዴት እንዳለፋቸው ሲያወራ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማኋቸው ናቸው።

በማግስቱ ጎማዎቹን መታ፣ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ከወትሮው አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ መጣ። እትዬ ምን ነካው እያለች በር ላይ ቆማ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጅጌውን ሰበሰበ። 147። ከመንገድ ተመልሶ እንዲህ ያለ ቁጥር አይተን አናውቅም። እትዬ ወደ እርሳሱ ስትሮጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ጎሚስታው ጋ ያለው ሽንት ቤት በር የለውም፤ ከዝርዝርሽ አውጪው» አለኝ።

ወሬው የሹፌሮቹ ማቆሚያ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። አንዱ ሚዛን ጣቢያው ጋ፣ ሌላው ማደያው ጋ ሲቆም አይቶታል። የሃያ ስድስት ዓመት ስሙን ነጠቁትና «ፌርማታ» አሉት። ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሹፌር ጎኑ ቆሞ፣ እኔም የምደብቃት ክኒን አለችኝ ብሎ ሹክ ሲለው ኩርፊያው ለቀቀው።

የምርመራው ቀን ሦስታችንም ሄድን። ኮሪደሩ አልኮል አልኮል ይሸታል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ በሹፌሮች ሞልተዋል። አጎቴ የጠዋቱን ክኒን ውጦ መጥቷል። አራተኛ ነበር፣ ሦስተኛ ሆነ፣ ሁለተኛ ሆነ። ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጥ ጀመር። ምን እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ከወንበሩ ቢነሳ ተራው ያልፈዋል፣ እሱ ደግሞ ተቀድሞ አያውቅም። እትዬም ገባት፤ ሽንት ቤት ሂድ በዪው ብላ በክርኗ ጎሸመችኝ። እኔ ግን ስለ ሽንቱ መናገር አፈርኩ።

ነርሷ በሩን ከፍታ ጠራችው። ከዚያ ፊቱን አየችና «አባቴ፣ ሽንት ቤት ሄደዋል? የተያዘ ሽንት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል» አለችው።

ወንበሩ ላይ ያለ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አጎቴ ቀጥሎ የተቀመጠውን ወጣት ሹፌር አየው፣ በሩን አየው፣ እኔን አየኝ። ተነሣና ለወጣቱ «ግባ፣ ቅደመኝ» አለው። ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሲሄድ ከኋላ አንድ ድምፅ «ፌርማታ አለ» አለ። ሳቁ ኮሪደሩን ሞላው፤ አጎቴም ሳይዞር እጁን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጣቸው።

ተመልሶ ሲገባ ተከትለነው ገባን። ነርሷ እንዳዘዘችው አምስት ደቂቃ አርፎ ተቀመጠ፤ ጀርባው ተደግፎ፣ እግሮቹ መሬት ረግጠው፣ ግራ ክንዱ ጠረጴዛው ላይ። የቀኝ እጁ ጣት ጉልበቱን ቀስ እያለ ይመታል። ቆጠርኩለት፤ አሥራ ስምንት። ከኋላ ቀኝ ጎማ ሲደርስ ነርሷ መለኪያውን ነፋችው።

134። 84።

እትዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ ያለችበት ቦታ ትዝ ሲላት በሁለት እጇ አፈነችው። ነርሷ ፈርማ ማኅተሙን መታች። አጎቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ደጋግሞ አነበበው፤ ከዚያ ወደ እኔ አዙሮ አንቺም አንብቢው አለኝ።

ይህን ልጽፈው እንደሆነ ስነግረው ደስ አለው። ክኒኑን በጋቢና የሚደብቅ ብዙ ነውና ጻፊው አለ። የሽንቱንስ ስለው፣ እሱንማ ጎላ አድርገሽ አለኝ። እንድተወው የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አልተውም ስለው አየኝና «እሺ፣ ካልሆነልሽ መጨረሻ ላይ አድርጊው። ሹፌር እስከዚያ አያነብም» አለ።

ያ ነገር የሆነው በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ ክኒኖቹን ከማግኘቴ በፊት። እሑድ ከሰዓት በኋላ በወጥ ቤቱ መስኮት ሳይ አጎቴ የቆመው መኪና ውስጥ ተቀምጧል። መሪው ጋ አልነበረም። በተሳፋሪው ወንበር ላይ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በመስታወቱ ፊት ለፊቱን ያያል። ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲወርድ በሩ ላይ አገኘኝና፣ ሳልጠይቀው፣ «ምናልባት ካልፈረመችልኝ፣ ከዚያ በኩል መንገዱ እንዴት እንደሚታይ ልየው ብዬ ነው» አለኝ።