እሳት የተከለከልንበት በጋ

ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ የማሽላ አጨዳ ወቅት፣ መንደራችን እሳት ከለከለን። ያኔ ከጎረቤት እሳት መጫር እንደ ሰላምታ ያለ ነገር ነበር፤ ምድጃህ ከጠፋ ገል ይዘህ ወደ ቅርብ ደጅ ትሄዳለህ፣ ሁለት ሦስት ፍም ያደርጉልሃል፣ መርቀህ ትመለሳለህ። ይህን ለጠላትም አይከለክሉም ይባል ነበር። እኛን ግን ከለከሉን።

ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ከተማ በታች፣ ወንዙ አጠገብ ነበር። አባቴ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን ስለ ዘመተ፣ እናቴን፣ ትንሿን እህቴንና እኔን የሚያስተዳድረው አያቴ ወልደየስ ነበር። አያቴ ቀን ቀን የማይናገር ሰው ነው። ሲመሽ ግን፣ ከብቱ ገብቶ፣ እራት ተበልቶ፣ እናቴ የወባ ትንኝ እንዲሸሽ ብላ ፍሙ ላይ እርጥብ ኩበት ስትጥል፣ ጭሱም ቤቱን ሞልቶ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን፣ ተረት ይነግረናል። ተረቱ አጭርና ደረቅ ነበር። ሲጨርስ «አለቀ» ይላል እንጂ ምክር አይጨምርበትም። ኩራዙ ጋዝ ስለሚፈጅ ቶሎ ይጠፋል፤ ፊቱን የማየው ፍሙ ሲግል ብቻ ነበር።

ነገሩ የመጣው በመሬት ነው። የመንደሩ መሬት ሲደለደል የመለኪያውን ገመድ የጎተተው አያቴ ነበር። ከሾላው ዛፍ እስከ ወንዙ ዳር ያለው ማሳ ያን ጊዜ የደረሰው ለእንድሪስ ነው። እንድሪስ ከመስኖው ቦይ ማዶ የሚኖር ሙስሊም ገበሬ ነው። ማሳው መጀመሪያ ድንጋይ ነበርና ማንም አልተመኘውም። እንድሪስ ድንጋዩን ለቅሞ፣ ቦይ ስቦ ሽንኩርት ሲያበቅልበት ግን የሁሉም ዓይን እዚያ አረፈ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ተሾመ፣ ገመዱ የቆመው ሾላው ጋ ነው፣ ከሾላው ወዲያ ያለውን እንድሪስ በጉልበቱ ነው የያዘው ብሎ ከሰሰው። ተሾመ ካሸነፈ መሬቱ ከቦዩ ወዲህ በእኛ ወገን ላለው ሰው ይከፋፈላል። የቀረው የገመድ ጎታቹ ቃል ብቻ ነበር።

ተሾመ አንድ ቀን ደጃችን መጥቶ ከአያቴ ፊት ቁጢጥ አለ።

«አባ ወልደየስ፣ ገመዱ ሾላው ጋ ቆሟል ይበሉ። አንድ ቃል ናት። ከመሬቱም ይደርስዎታል።»

«ገመዱ የቆመው ወንዙ ዳር ነው» አለ አያቴ።

«ለእንድሪስ ብለው ነው? የውሃ ተራዎን ለነጠቀ ሰው? ሰላምታ እንኳ የላችሁም እኮ።»

እውነቱን ነው። በአንድ የድርቅ ዓመት እንድሪስ ቦዩን ሰብሮ ውሃችንን ወስዶ ጤፋችን ደርቆብን ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲተላለፉ አንዱ ወደ ግራሩ፣ ሌላው ወደ ሰማይ ነው የሚያየው።

«የለንም» አለ አያቴ።

«ታዲያ?»

«አትዋሽ ተብዬ ታዝዣለሁ። በወዳጅህ ላይ ብቻ አልተባልኩም። እሺ ብያለሁ፣ አለቀ።»

«ማን ነው ያዘዘዎት? ቄሱ ነው?»

«ቄሱንም ያዘዘው ነው።»

ተሾመ ሳቀና ተነሳ። ሱሪውን እያራገፈ፣ «እንግዲያው እሳትም እሱ ይስጥዎት» አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ የገባን በማግስቱ ነው። እናቴ ገል አስይዛ ወደ ክርስትና እናቴ ወደ እትዬ ጥሩነሽ ላከችኝ። እትዬ ጥሩነሽ በሌላ ቀን ሳታጎርሰኝ የማትሸኘኝ ሴት ነበረች። ያን ቀን በሩን ግማሽ ከፍታ፣ «ሂድ ልጄ፣ የኛም እሳት ጠፍቷል» አለችኝ። ከጣሪያዋ ጭስ እየወጣ ነበር። ሌሎቹም ደጆች እንዲሁ ሆኑ። ክብሪት የሚሸጠው የማኅበሩ ሱቅ ብቻ ነበር፤ የሱቁ ቁልፍ ደግሞ በተሾመ ወንድም እጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄደን አያቴ ዋርካው ሥር ሲቀመጥ፣ እዚያ የነበሩት ሽማግሌዎች ጸሐይ ወዳለበት ተነስተው ሄዱ። በዚያ ቆላ ሰው ጥላ ለቆ ጸሐይ ላይ የሚቀመጠው ምን ያህል ሲጠላ እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቃል።

ዕድል ሆኖ ምድጃችን ሥር ረመጥ ተርፎ ነበር። አያቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቱን ራሱ ይዳፍነው ጀመር። ሲመሽ አመዱን በእንጨት ገለጥ አድርጎ አንዲት ፍም ብቻ ያወጣል፣ በኩበት ፍርፋሪ ይመግባታል፣ በእሷ ብርሃን ተረቱን ይነግረናል። ጉልበቱና እጁ ብቻ ነበር የሚታየኝ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ትቀመጣለች።

«አባባ» ትለዋለች፣ «የዘመተው ልጅዎ ሲመለስ የሚኖርበት መንደር ያስፈልገዋል።»

አያቴ ፍሟ ላይ ኩበት ይፈረፍራል።

«እሺ ልጆቹስ ምን ይብሉ? እውነትዎን ልጋግርላቸው?»

አያቴ ፍሟን ወደ አመዱ ይመልሳታል። «አለቀ፣ ተኙ» ይለናል።

የከፋው የመጣው ከቤት ውስጥ ነው። ሸንጎው ሊቀመጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አያቴ በጠዋት እኔን አስከትሎ አጨዳ ሲወርድ እሳቱን ለእናቴ አደራ ብሎ ሄደ። እናቴ ሳታዳፍነው ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ስንመለስ ምድጃው አመድ ብቻ ነበር። ረስታው ይሁን ሆን ብላ፣ እሷም አልተናገረችም፣ እኔም እስከ ሞተችበት ቀን አልጠየቅኳትም። አያቴ መዳፉን አመዱ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ እጁን አራግፎ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ በሶ በውሃ በጥብጠን ጠጣን። በሶው ሲያልቅ ማሽላ በውሃ ዘፍዝፈን ጥሬውን አኘክን። ከሁሉ የባሰው ግን የጭሱ መጥፋት ነበር። ትንኙ የልቡን አደረሰ፤ እህቴ ስታክ ታድርና ሲነጋ ፊቷ አብጦ ትነሳለች።

በሸንጎው ዋዜማ ጀምበር ስትጠልቅ እንድሪስ ቦዩ ማዶ ቆመ። በገል የቀላ ፍም ይዟል።

«ወልደየስ! ከብት እንኳ ጭስ ያገኛል። ውሰድ፣ ልጆቹ ምን አደረጉ?» ብሎ ገሉን ቦዩ ዳር አስቀመጠና ፊቱን አዞረ።

እናቴ ከእኔ ቀድማ ሮጠች። አያቴ፣ «ተይው» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መልስለት። ቃሌን ሳልሰጥ ከእጁ አልቀበልም በለው» አለኝ።

«አባባ፣ የልጂቱን ፊት ይዩ እንጂ» አለች እናቴ። አያቴ የእህቴን ፊት አየ። ዓይኑን ከፊቷ ላይ አላነሳም። «መልስ» አለኝ እንደገና።

ገሉን አንስቼ ቦዩን ተሻገርኩ። ሙቀቱ መዳፌን ይለበልበኛል፣ ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ ያም ሆኖ መንገዱ እንዲረዝም ፈለግሁ። የተባልኩትን ነገርኩት።

እንድሪስ ሰማኝና ምራቁን እንትፍ አለ። «ወላሂ፣ ኩራቱ ይግደለው። ድሮም ውሃ ሲሰጡት ዋንጫው ለምን ተሰነጠቀ የሚል ሰው ነው።» ገሉን ከእጄ ቀማና ፍሙን ቦዩ ውስጥ ደፋው። ፍሙ ጮኸና ጠቆረ።

በዚያ ምሽት በጨለማ ተቀምጠን አያቴ ሳንጠይቀው ተረት ጀመረ።

አህያና ጅብ በአንድ መስክ ተካሰሱ አለ። መስኩ የአህያ ነው፤ ያየው ጦጣ ብቻ ነው። ጦጣ እውነቱን ሊናገር ፈቀደ። አህያ ደስ ብሏት ለመንገዱ አንድ የማሽላ እሸት ሰጠችው። ዳኛው አንበሳ፣ «መስኩ የማን ነው?» ሲለው ጦጣ እሸቱን እያኘከ፣ «የአህያ ነው» አለ። አንበሳ ጉንጩን አየው። «አፉ የሞላ ምስክር አይሰማም» ብሎ መስኩን ለጅብ ፈረደ። አህያ መስኳን ያጣችው በውሸት አይደለም፤ ከእሸት ጋር በታኘከ እውነት ነው።

«አለቀ» አለ።

በማግስቱ ሸንጎው ሾላው ሥር ተቀመጠ። ዳኛው ከወረዳ የመጣ የማናውቀው ሰው ነበር። አያቴ ቆሞ፣ «ገመዱን የጎተትኩት እኔ ነኝ። የቆመው ወንዙ ዳር ነው» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ተሾመ ብድግ አለ። አንቱታውን ትቶት ነበር። «ይህ አድኃሪ ሽማግሌ ተገዝቷል! ንገረን፣ ከእንድሪስ ምን በላህ?»

«ሂዱና ምድጃዬን ዳብሱ» አለ አያቴ።

ዳኛው አልገባውም። «ምን ማለታቸው ነው?» ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ሰዎቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። «ቤታቸው ሩቅ ነው እንዴ? የሚሄድ የለም?» አለ ዳኛው። ማንም አልተነሳም። ተሾመም ተቀመጠ።

ማሳው ለእንድሪስ ጸና። ሕዝቡ እያጉረመረመ ሲበተን፣ አንዱ በአጠገባችን ሲያልፍ፣ «ከእንግዲህ እዚያው መስጊድ ይቅበሩህ» አለው አያቴን። አያቴ መንገዱን ቀጠለ። ቤት ገብቶ ገል አነሳና፣ ለዓመታት ያልረገጠውን የእንድሪስን ደጅ ሄዶ ቆመ። እኔ ከኋላው ነበርኩ።

«እሳት ልጭር መጣሁ» አለ።

እንድሪስ ከውስጥ፣ «ትናንት ቦዩ ውስጥ ጨምሬልሃለሁ፤ ግባና አውጣው» አለ።

አያቴ ቆሞ ጠበቀ። እንድሪስ እያጉተመተመ ወጣና ገሉን እስኪተርፍ ሞላው። ሁለቱም ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ከዚያም በኋላ ወዳጅ አልሆኑም። በሚቀጥለው በጋ በውሃ ተራ እንደገና ተጣሉ። መንደሩም ደጁን የከፈተልን ቀስ በቀስ፣ ሳይወድ ነው። ዛሬ ልጆቼ ክብሪት በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ እሳት መጫር ስላቸው ይስቁብኛል። ከአያቴ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። የቀረው የዚያ ገል ሙቀት ነው፤ መዳፌ ላይ እያለ፣ ለእህቴ ማድረስ እየቻልኩ፣ ልመልሰው ስሄድ የተሰማኝ። በዚያ ምሽት አያቴን ጠልቼው አደርኩ። ጥላቻው የለቀቀኝ በማግስቱ ሾላው ሥር፣ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ምድጃችንን ሊዳብስ የሚነሳ ሲጠፋ ነው።