ያልተረጎምኩት ዓረፍተ ነገር

ሊወስዱኝ የመጡት በስዋሂሊ ክፍለ ጊዜ ነበር። መስኮቱ ላይ አልጋ ልብስ ሰቅዬ ክፍሉን አጨልሜዋለሁ፤ ፕሮጀክተሩ እስኪሞቅ እየጠበቅኩ ነው። ትምህርት ቤቱ ማንያታ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው፣ የቆርቆሮ ክፍል፤ ረፋዱ ላይ ጣሪያው መንጣጣት ይጀምራል። ሁለት አስካሪዎች፣ የኬንያ ፖሊሶች፣ በሩ ላይ ቆሙ። አንደኛው ኮፍያውን አውልቆ ልጆቹን ሰላም አላቸው። ልጆቹም እንደለመዱት ተነሥተው በአንድ ድምፅ መለሱለት።

"ምዋሊሙ" አለኝ፣ መምህርት ማለቱ ነው፣ "ዕቃዎቹን ያዢና ለትንሽ ጊዜ ከእኛ ጋር ነይ።"

ላፕቶፑንም፣ ታብሌቱንም፣ ፕሮጀክተሩንም ጠቅልዬ ቦርሳ ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ። ልጆቹን "ደብተራችሁን አውጡና ሰሌዳው ላይ ያለውን ገልብጡ" አልኳቸው። የምመለስ መስሎኝ ነበር።

ያን ጊዜ ገና መምህርት አልነበርኩም። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ለማስተማር ልምምድ ነው ወደ ኬንያዋ ሞያሌ የተመለስኩት። ታብሌት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መታደል የጀመረበት ወቅት ነው። ኮሌጁ እያንዳንዳችን አንድ ትምህርት በእነዚህ መሣሪያዎች አስተምረን፣ ቀርጸን እንድናስረክብ አዞናል። እኔ ኮሌጅ እስክገባ ድረስ ኮምፒዩተር ነክቼ አላውቅም። የመጀመሪያውን ወር ማውስ ይዤ ቀስቷን ስክሪኑ ላይ ሳሳድዳት ነው ያሳለፍኩት። ጓደኞቼ ሲስቁብኝ አብሬያቸው እስቅና ከትምህርት በኋላ ብቻዬን ቀርቼ እለማመድ ነበር። ስለዚህ ይህ ትምህርት ኩራቴ ነበር። ርእሱ "እኔና ቤተሰቤ" ይላል። ልጆቹ አንድ በአንድ ታብሌቱ ፊት ቆመው ስለ ቤተሰባቸው በስዋሂሊ ይናገራሉ፤ ከዚያ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ እያዩ ስሕተታቸውን ያርማሉ። የመጀመሪያውን ክፍል ባለፈው ቀን ቀርጬ ጨርሻለሁ። አስካሪዎቹ ሲመጡብኝ እሱን ለልጆቹ ላሳያቸው ነበር።

አባቴ ከኢትዮጵያ ሸሽቶ የመጣ ሰው ነበር። እኔን እዚሁ ወለደኝ፤ እዚሁ ሞተ። በዚያ ዓመት ከወዲያኛው፣ ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ የሸሹ ሰዎች ይፈለጉ ነበር፤ ፈላጊዎቹም ድንበሩን አልፈው ይመጡ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አንዲት የስደተኛ ልጅ የሰዎችን ልጆች ሰብስባ "አባታችሁ የት ነው? ምን ይሠራል?" እያለች ትቀርጻለች ተባለ። ማን እንዳለ አላውቅም። ጣቢያ ስደርስ ወዲያ ለሚዋጉት ታጣቂዎች መረጃ ትሰበስቢያለሽ አሉኝ።

የሴቶቹ ክፍል በአራት እርምጃ ያልቃል። ሽንትና በረኪና ይሸታል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው፤ ከዚያ በላይ የሰው ጥፍር የቧጨረው ነው። ውስጥ አንዲት ሴት ነጋዴ አገኘሁ፤ ጨርቅና ስኳር ያለ ወረቀት አሻግረሻል ተብላ የተያዘች፣ እናቴ የምትሆን ሴት። ነጠላዋን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝ።

"ኢንታላ ኮ" አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። "እዛጋ አትቀመጪ፣ ውሃ ይገባል። ወደዚህ ነይ። ምን አርገሽ ነው?"

"አስተምሬ" አልኳት።

"እኔ እንኳ ስኳር አለኝ" አለች፤ ወደ ጎን ተጠግታም ቦታ ሰጠችኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አዮ እያልኩ ጠራኋት፤ እዚህ እናትን እንዲህ ነው የምንጠራው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮ ጠሩኝ። ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የጣቢያው ኮርፖራል ነው፤ ሸምገል ያለ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። ሌላውን አላውቀውም። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ አማርኛው የአዲስ አበባ ነው። ከወዲያ እንደመጣ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"ተቀመጪ እህቴ" አለኝ በትሕትና። "ይቺ ማሽን አስቸግራናለች። አንቺ ሠልጥነሽበታል አሉ።"

ፕሮጀክተሩና ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ገመዱን በተሳሳተ ቀዳዳ ሰክተውታል። አወጣሁና በትክክለኛው ሰካሁት፤ ላፕቶፑን ከፍቼ ቪዲዮውን አስጀመርኩ፤ ምስሉ ደብዝዞ ስለመጣ ጠርቶ እስኪታይ አስተካከልኩት። ጣቢያ ከገባሁ ጀምሮ በእርግጠኝነት የሠራሁት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ምስሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ላይ ወደቀ፤ የልጆቹ ፊት በቁጥር ተሞላ። ኮርፖራሉ ተነሥቶ የቀን መቁጠሪያውን ከሚስማሩ አወረደው።

ሳስተምር ራሴን ያየሁት ያን ቀን ነው። ጀርባዬን ለልጆቹ ሰጥቼ ለሰሌዳው አወራለሁ። ኮሌጅ ውስጥ ደጋግመው የነገሩን ስሕተት ነው፤ እኔ አላደርገውም ብዬ ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጡትን ብቻ ነው የምጠይቀው። በዚያ ክፍል፣ በዚያ ሰው ፊት፣ አፈርኩ። ለምን እንደታሰርኩ ረስቼ ስለ አስተማሪነቴ ማፈሬ ዛሬም ይገርመኛል።

ሰውየው ስዋሂሊ አይችልም። እያስቆመ "ምን አለ? ምን አለች?" ይለኛል፤ እተረጉምለታለሁ። አባቴ ጫማ ይሰፋል። እናቴ ሄሉ ገበያ ወተት ትሸጣለች። አራት ወንድሞች አሉኝ። ይጽፋል።

ከዚያ አንዲት ልጅ ቀረበች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በክፍሌ ካሉት ሁሉ ጥሩ ስዋሂሊ የምትናገረው እሷ ናት፤ ስቀርጻት በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ እንዲህ አለች፦ አባቴ ጎልቦ ከግመሎቹ ጋር ነው። ሰዎች ስለሚፈልጉት ከተማ አይገባም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ እንሄድለታለን። ጎልቦ ከከተማው ውጪ ያለው ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ነው።

በቀረጽኩበት ቀን ይህንኑ ስትናገር ክፍል ውስጥ ሰምቻታለሁ። "ጎበዝ! ግሡን በትክክል ተጠቀምሽ" ነው ያልኳት።

ሰውየው አስቆመው። "ጎልቦ አለች። ጎልቦ ምን?"

ዓይኔን ወደ ገመዱ መለስኩ።

"ተርጉሚ።"

ለመዋሸት አስቤ ነበር። ፍየል ትጠብቃለች አለች ብል አንድ ቃል ነው። ግን ኮርፖራሉ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ስዋሂሊ የአፍ መፍቻው ነው፤ ሁለቱ በእንግሊዝኛ ይግባባሉ። ውሸቴ ከተያዘ ያቺ ልጅ የምትደብቀው ነገር እንዳላት ሰውየው በእርግጠኝነት ያውቃል።

"ከዚህ በኋላ አልተረጉምም" አልኩት። "ተማሪዎቼ ናቸው። ክፍል ውስጥ ያሉትን ለኔ ነው ያሉት። መጀመሪያም መተርጎም አልነበረብኝም።"

አልተቆጣም። እስክሪብቶውን ከደነና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ኪፓንዴ አላወጣሽም አይደል?" አለኝ። ኪፓንዴ የኬንያ መታወቂያ ነው፤ የኔ ገና በሂደት ላይ ነበር። "ኬላው እኮ ከዚህ በእግር ይደረሳል። ወረቀት የሌለውን ሰው ወደ አገሩ መሸኘት ሥራ አይደለም።"

ተነሣሁ። ኮርፖራሉ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። እኔ ግን ወደ በሩ አልሄድኩም። ላፕቶፑን ዘጋሁ፤ የፕሮጀክተሩን ማጥፊያ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሜ ተጫንኩት። መብራቱ ጠፋ፤ ማራገቢያው ግን መዞሩን ቀጠለ። ፕሮጀክተር ወዲያው ከሶኬት አይነቀልም፤ ውስጡ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አለበት፤ አለዚያ አምፖሉ ይቃጠላል። ስለዚህ እጄን መሣሪያው ላይ አድርጌ ቆሜ ጠበቅኩ።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"የትምህርት ቤት ንብረት ነው" አልኩት።

ማራገቢያው ሲቆም ነቀልኩት፤ ገመዱን ጠቀለልኩና ተቀመጥኩ።

ሰውየው ወደ ኮርፖራሉ ዞሮ በእንግሊዝኛ "ልጅቷ ምን አለች?" ሲል ጠየቀው።

ኮርፖራሉ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። "ስለ ግመል ነው" አለ። "አባቷ ግመል አለው።"

"ጎልቦ የት ጋ?"

"የጎልቦ ሰው ሁሉ ግመል አለው ወንድሜ። ሣር ባለበት ነው የሚሆነው።" ከዚያ በስዋሂሊ ወደኔ ዞሮ፣ ድምፁን ሳይቀይር "ሀያ ምዋሊሙ፣ ወደ ክፍልሽ" አለኝ፤ ሀያ፣ በይ ማለቱ ነው።

ስመለስ አዮ ተነሥታ ቆማ ነበር። እጄን ገልብጣ አየችው፤ ከዚያ ፊቴን።

"አልነኩኝም" አልኳት።

"ምን ፈለጉ?"

"አንዲት ተማሪዬ የተናገረችውን።"

"የማን ልጅ ናት?" አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ከደነች። "አትንገሪኝ። ለኔም አትንገሪኝ፣ ኢንታላ ኮ።" ነጠላዋን ዘርግታ ግማሹን ለእኔ አለበሰችኝ። በዚያ ሙቀት አላስፈለገኝም፤ ግን አላወለቅኩትም።

ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ፍርድ ቤት አልቀረብኩም፤ ወዲያም አልተሻገርኩም። በዘጠነኛው ቀን ኮርፖራሉ ዕቃዎቹን አስረከበኝና መዝገብ ላይ አስፈረመኝ። እቤት ደርሼ ላፕቶፑን ስከፍት ቪዲዮው አልነበረም፤ ታብሌቱም ላይ ጠፍቷል። የጠፋው እሱ ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ፎቶ፣ የትምህርት ዕቅዶቼ፣ ሁሉም ባሉበት አሉ። ኮርፖራሉን መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ሰላም ተባብለናል፤ ስለዚያ ነገር ግን አልጠየቅኩትም።

ክፍሌ ስገባ የልጅቷ ቦታ ባዶ ነበር። ጎረቤቶቿ፣ እናትየው ልጆቿን ይዛ በእኔ መታሰር ማግስት ከተማውን ለቃለች አሉኝ። ወዴት እንደሄዱ የነገረኝ የለም፤ እኔም መጠየቅ አልፈለግኩም። ደኅና ደርሰው ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። የማስረክበው ቪዲዮ ስላልነበረኝ ኮሌጁ ልምምዱን እንድደግም አደረገኝ። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ስለ ዝናብ አስተማርኩና አለፍኩ።

ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ አልተረጉምም ያልኩበትን ነው የሚወዱት። እኔ ግን የማልረሳው ጥያቄውን ነው። "አባታችሁ የት ነው?" ብሎ የጻፈው ያ ሰውዬ አልነበረም። እኔ ነኝ፤ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ የትምህርት ዕቅዴ ላይ። ገመዱን በየቱ ቀዳዳ እንደምሰካ ወር ሙሉ ተለማምጃለሁ፤ የልጅ መልስ ከክፍል ወጥቶ የት ሊደርስ እንደሚችል ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም፤ ያስተማረኝም አልነበረም።

ዛሬ እዚሁ ሞያሌ፣ ሄሉ ሰፈር ነው የማስተምረው። ለልምምድ የሚመጡት ወጣቶች ከእኔ በጣም የተሻሉ ናቸው፤ በስልካቸው የማይሠሩት ነገር የለም። ልጆችን ሊቀርጹ ሲነሡ መጀመሪያ ጥያቄያቸውን እንዲያሳዩኝ እጠይቃቸዋለሁ። አንዳንዶቹ አሮጊት ነገር አድርገው ያዩኛል። ያዩኝ።

በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ሳልጠይቃቸው ወደ ጠረጴዛዬ እየመጡ ስለ አባቶቻቸው ያወሩኛል። ታብሌቱን ዘግቼ አዳምጣቸዋለሁ።