ድስታቸው አንድ የሆነ

በሥራዬ ብዙ ቃላት አናደውኛል፤ እንደ «ቤተሰብ» ግን ያንገበገበኝ የለም። መጠይቁ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ እኔም ነበርኩበት። ቢሯችን ቦሌ መድኃኔዓለም ነው፣ ከሥሩ ኬክ ቤት ያለበት ሕንፃ ላይ። ቀኑን ሙሉ የማንበላው ኬክ እየሸተተን ስንከራከር ዋልን። ጥናቱ የሚፈልገው አብሮ የሚያበስልና አብሮ የሚበላ ሰው ነው፤ «ቤተሰብ» ብለን ከጠየቅን ግን ሰው የሚቆጥርልን የሚወደውን ነው አልኩ። አለቃዬ ደግ ሰው ነው፣ ከቁጥር በቀር ግን የሚያምነው ነገር የለም። «ሥልጠና ላይ ታብራሪላቸዋለሽ» ብሎ ዘጋው። አብራራሁ። «ቤተሰብ ማለት ድስታቸው አንድ የሆነ ሰዎች ናቸው» እያልኩ መረጃ ሰብሳቢዎቹን እስኪሰለቻቸው አስደገምኳቸው።

ጥናቱ ስለ መብራትና ስለ ትምህርት ነበር። ገርጂ ውስጥ አንድ ቆጣሪ ከአከራይ ጋር የሚጋሩ ተከራዮች ልጆቻቸው ማታ ማጥናት ይችላሉ ወይ? የራሳቸው ቆጣሪ ቢገባላቸውስ ውጤታቸው ይሻሻላል? ከአንድ በላይ ቤተሰብ የተመዘገበበት ግቢ በመጀመሪያው ዙር ለተከራዮቹ ቆጣሪ ይገባላቸዋል። አንድ ቤተሰብ ብቻ ከተባለ ግቢው ይቀራል። የሚወስነው ያ አንድ መልስ ነበር።

ለእኔ ከደረሱኝ ግቢዎች የአንዱ ባለቤት የወሎ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የጨርቅ ሱቁን ብቻቸውን ነው የያዙት። ከጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት አንዲት የጎጃም ሴት ከልጇ ጋር ትኖራለች፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትሆን፣ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ግቢ ነው። ባለቤቲቱን «እምዬ» ትላቸዋለች፣ እናቷን እንደምትለውም «አንቺ» ነው የምትላቸው።

ቆጣሪው የካርድ ነው። ካርዱ ቶሎ እንዳያልቅ ሴትዮዋ የማታውን የኢሻ ሶላታቸውን ሰግደው ሲጨርሱ የሰርቪሱን ብሬከር ያወርዱታል። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ የመሸበት ሰው ይተኛ ባይ ናቸው። ልጅቷ ከዚያ በኋላ በስልኳ መብራት ታነባለች፣ ስልኩ ሲዘጋባት ትተኛለች። ይህን የነገረችኝ በር ስትከፍትልኝ ነው፣ ገና ታብሌቴን ከቦርሳዬ ሳላወጣ።

«ቆጣሪ ልታስገቡልን ነው አይደል?» አለችኝ።

ቃል መግባት ስለማይፈቀድልን «እስቲ እናያለን» አልኳት። እንዲህ ስል ራሴን አልወደውም።

ሴትዮዋ አስገብተው ሻይ ቀዱልኝ። ጥያቄው ላይ ስደርስ፣ በግቢው ስንት ቤተሰብ ይኖራል አልኳቸው።

«አንድ።»

«ከጀርባ ያሉትስ?»

«እነሱማ ልጆቼ ናቸው።»

«ገብቶኛል እናቴ። ምግብ የምታበስሉት አንድ ላይ ነው ወይ ማለቴ ነው። ድስታችሁ አንድ ነው?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ሰድቤያቸው ቢሆን ኖሮ እንደዚያ የሚከፉ አይመስለኝም። «አንድ ነን አልኩሽ እኮ። የወሎ ሰው ሰውን በድስት አይለይም።»

ተከራይዋ ደጅ ልብስ ታሰጣ ነበር። በተከፈተው በር አየኋት፤ ምነው አንድ ቃል ብትናገር እያልኩ። «አዎ፣ አንድ ነን» አለች፣ ዓይኗን ከልብሱ ሳታነሳ።

በቁሜ ነደድኩ። የአንዳቸው ሥጋ በቢስሚላህ የታረደ፣ የሌላዋ በስመ አብ የተባረከ ነው፤ እንዴት ሆኖ ነው በአንድ ድስት የሚሠራው? ዕለቱ ደግሞ ዓርብ ነበር። ከፊት ለፊቱ ቤት የሥጋ ወጥ ይሸታል፣ ከሰርቪሱ በር ላይ ሽሮ ከሰል ላይ ይንተከተካል። ሁለት ድስት በዓይኔ እያየሁ «አንድ» ብዬ ሞላሁ፤ መልስ ሰጪን መሟገት ክልክል ነዋ። ታብሌቱም ስለ ተከራይ የሚጠይቀውን ክፍል በሙሉ ራሱ ዘለለው።

ቢሮ እንደተመለስኩ አለቃዬን ያዝኩት።

«የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ አንድ ድስት ውስጥ ገብቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ሁለት ቤተሰብ ናቸው።»

«መልስ ሰጪዋ ምን አሉ?»

«አንድ።»

«እንግዲያው አንድ ናቸው።»

«ድስቶቹን እኮ አይቻቸዋለሁ።»

«ያየሽውን ድስት የት ላስገባው?» አለኝ። የቀልዱን አልነበረም፣ የምር የሚገባበት ቦታ እየፈለገ ነበር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ምሳ ሰዓትም፣ ደረጃ ላይም፣ ሊፍት ስንጠብቅም ስነዘንዘው ሰንብቼ በመጨረሻ ተሰላቸና «ሂጂ፣ ደግመሽ ጠይቂያቸው። ቆጣሪ የሚገባላቸው ግቢዎች ዝርዝር ግን የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ይላካል» አለኝ።

በማግስቱ ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ተከራይዋን ከሥራ ስትመለስ በር ላይ አገኘኋት። ንዴቴ ገና አልበረደልኝም ነበርና ሰላምታውን አሳጥሬ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት።

«ሰው ልጄ ናት ሲልሽ፣ አይደለሁም ተከራይ ነኝ ትያለሽ? ይቺን ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ እሳቸው ናቸው» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ኪራይም ያልጨመሩብኝ ልጄ ናት ስለሚሉ ነው» አለችኝ።

ሥልጠና ላይ ይህን የሚመለከት ገጽ አልነበረንም።

ሴትዮዋ አሁንም ሻይ ቀዱልኝ። አሁንም ጠየቅኩ፣ አሁንም «አንድ» አሉ። ድስት የሚለውን ቃል ስደግመው ትዕግሥታቸው አለቀ። «ያንቺ ሥራ ሰው መነጣጠል ነው?» አሉኝ። ይሄኔ ልጅቷ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ እናቷ ከኋላዋ።

«እምዬ፣ ድስታችን እኮ ሌላ ነው» አለች።

እናቷ ክንዷን ያዘቻት። ልጅቷ ግን አልተወችም። «ያንቺን ሥጋ በልቼ አላውቅም፣ አንቺም የእኛን በልተሽ አታውቂም። መብራት ስለፈለግኩ ነው እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም።»

ሴትዮዋ ጉልበታቸው ላይ ያለውን የነጠላቸውን ጫፍ ሲያጥፉና ሲዘረጉ ቆዩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ጻፊላት» አሉኝ። «ሁለት በይ።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «አንቺም ከእንግዲህ እምዬ አትበይኝ» አሏት።

ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ሻዩን ጠጪ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ሳልነካው ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ፣ ቢያንስ ቆጣሪው ይገባላታል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ሄድኩ። ሴትዮዋም ውለው አድረው ይረሱታል አልኩ። ቢሮ ስደርስ መሽቷል፤ አለቃዬ ገና አልወጣም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳንድዊች ይበላል።

«ዝርዝሩ ዛሬ ጠዋት ተላከ» አለኝ።

«ሳምንቱ መቼ አለቀ?»

«ገንዘብ ሰጪዎቹ ቀድመው ጠየቁን። ዳታው ተዘግቷል።» ታብሌቱን ዘረጋሁለት፤ ሁለት የሚለውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ለሚቀጥለው ዙር ጥሩ ግብዓት ነው» አለኝ።

ግብዓት። በዚያች ሰዓት አፌን ብከፍት ከሥራዬ የሚያስባርር ነገር ስለሚወጣኝ ታብሌቱን እፊቱ ትቼለት ወጣሁ። ከታች ኬክ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ አስተናጋጇ ወንበር ሳበችልኝ። ልጅቷ በሚቀጥለው ዙር አሥራ ሁለተኛ ክፍል አትሆንም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሌላ ጥያቄ እዚያው ሰፈር ተላክሁ፣ ከእነሱ ግቢ በቆርቆሮ አጥር የሚለየው ጎረቤት ዘንድ። ሥራዬን ጨርሼ ልወጣ ስል መሽቷል፤ ከመስጊዱ የሰገዱ ሰዎች ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ከአጥሩ ወዲያ የሴት ልጅ ድምፅ ሰማሁ። በአነጋገሯ የተነሳ ቶሎ አልለየኋትም።

«እትዬ፣ ዛሬን ብቻ ትንሽ ቢያቆዩልኝ? ነገ ፈተና አለብኝ።»

አንቺ ስትላቸው ያደገች ልጅ ናት። ጥቂት ቆይቶ ብሬከሩ ቀጭ ሲል ሰማሁ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይታየኝ የነበረው የሰርቪሱ መስኮትም ጨለመ።

በእኛ ዳታ ላይ ግን አሁንም ልጃቸው ናት።