የጭኗ ፊልም

ያ ሐኪም ኪሊማኒ ሰፈር ያለው ክሊኒኩ ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ለሦስት ሳምንት አጥንቻለሁ። ላዋርደው ነበር የምፈልገው፤ በሕመምተኞቹ ፊት፣ ጮክ ብዬ። እሁድ እሁድ ቸርች ቆሜ ስዘምር እንኳ የማስበው የምሰድበውን ስድብ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ።

ታላቅ እህቴ ከስድስት ዓመት በፊት የጡት ካንሰር በቀዶ ጥገና ወጥቶላታል። ዘንድሮ ጭኗን ሲያማት ሲቲ ስካን ተነሳች። ሐኪሙ ፊልሙን አየና፣ እሷ ውጭ ተቀምጣ፣ የጡቱ ካንሰር ወደ አጥንቷ ተሰራጭቷል አለኝ። የሕመም ማስታገሻ አዘዘ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚ ስለማይነገር፣ ቤተሰቡ መክሮ "ሪህ ነው" አልናት። የቸርች ሰዎችም እየመጡ ስለ ሪህዋ ጸለዩ።

በአራተኛው ወር ሕመሙ ሲጸናባት ፊልሙን ላቪንግተን ሰፈር ወዳለ ሌላ የራዲዮሎጂ ሐኪም ወሰድኩት። የተሰራጨ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ቦታ ይታያል፣ ይሄ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው አለኝ። ዕጢው ውስጥ እንደ ፈንዲሻ የተበተኑ ነጫጭ ነጥቦችም አሳየኝ። ከራሱ ከአጥንቱ የሚነሳ፣ እምብዛም የማያጋጥም ካንሰር ሳይሆን አይቀርም አለ። ያኔ እውነቱን ነገርናት፤ ከዕጢው ናሙና ተወስዶ እንዳለው ሆነ። ቀደም ብንል ዕጢው ብቻ ይወጣ ነበር፤ አሁን ግን ሥጋዋን ዘልቋል። እግሯን ከዳሌዋ ሥር ቆረጡት።

እሷ ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ ኪሊማኒ ሄጄ ፊልሙን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። ሰድቤው ስጨርስ ፋይሏን ከፍቶ ወደ እኔ አዞረው። "ለማረጋገጥ ናሙና ይወሰድ" ይላል። ከሥሩ ደግሞ "ቤተሰብ አልፈቀደም"።

ለናሙናው እሷ መፈረም ነበረባት፤ ከፈረመች ደግሞ ካንሰር መሆኑን ታውቃለች። አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። ቢሆንም አልራራሁለትም፤ ያን ቀን ሌላም ሊሆን ይችላል ቢለኝ ምን ነበረበት? በሩን ደርግሜበት ወጣሁ።

ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለው ቤታችን ስገባ እህቴ ሶፋው ላይ ሆና ትጠብቀኛለች።

"ያ ሐኪም ያኔ ናሙና እንውሰድ አላለም ነበር እንዴ?" አለችኝ።

"አንድም ቃል አልተነፈሰም" አልኳት።

ባዶውን የቀሚሷን ጎን በእጇ እየዳበሰች "እግዚአብሔር ይፍረድበት" አለች።

አሜን አልኩ።